ገጽ 143 ላይ የቆመችው አንባቢ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ባለቤቴ «ትንሽ ነገር ነው፣ እርሺው» ይለኛል። ለእኔ ግን ትንሽ አልሆነልኝም።

የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ረቂቅ ያመጣልኛል። ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ ግለ ታሪክ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ስለ ንብ እርባታ። በአራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ረቂቅ አንብቤያለሁ። ሁሉንም በነፃ። ማንም ሳያየው በፊት ማንበብ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ባለፈው ዓመት የባለቤቴ አጎት ልብ ወለድ ጻፉ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መጻፍ ነው። ረቂቁን በፍላሽ ሰጡኝ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስለሆነ ስልኬ ላይ ስከፍተው ምኑም አይነበብም። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ 312 ገጽ በራሴ ገንዘብ ፕሪንት አስደረግኩ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ «ፀሐይ»ን በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ይጽፏታል። አንዴ «ዓመት» ካሉ በሚቀጥለው መስመር «አመት» ነው። አራት ነጥብ ረስተው ግማሽ ገጽ ይሄዳሉ። ሁሉንም አንድ በአንድ ለቀምኩ። መሀል ላይ፣ ገጽ 143 አካባቢ፣ ሦስት ሳምንት ያህል አቁሜው ነበር፤ የፈተና እርማት በዝቶብኝ ነው። ዓይኔም ደክሞ ነበር። ጎረቤቴ ያዋሰችኝን ልብ ወለድ በሁለት ሌሊት ስጨርስ ጊዜ ነው መሰለኝ የባሰብኝ። ከዚያ ተመልሼ ጨረስኩላቸው። ሲደውሉልኝ «ጋሼ፣ ግሩም ነው» አልኳቸው።

መጽሐፉ ወጣ። ወመዘክር አዳራሽ ተመረቀ። የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ የምስጋናውን ገጽ ገለጥኩ። የሽፋኑን ፎቶ ያነሳው ልጅ አለ። የድሮ አለቃቸው አሉ። ቡና እያፈላች ያበረታታቻቸው ጎረቤት እንኳ በስሟ አለች። የእኔ ስም የለም። መጨረሻው ላይ «እና ሌሎችም» ይላል። እኔ እንግዲህ ሌሎችም ነኝ።

ስም ፈልጌ አልነበረም የሠራሁት። ግን አራት ወር ሙሉ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ነበር የማርመው። ቡና ያፈላች ሰው ተጠቅሳ እኔ ልረሳ? ከዚያ ወዲህ ሆዴ ሻክሯል። በበዓል ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ያው ከአንገት በላይ ነው። መጽሐፉ ብዙም አልተሸጠም። አብዛኛው ኮፒ አልጋቸው ሥር ነው ይላል ባለቤቴ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላዘንኩም፤ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ላኩልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ዕቁባቸው ሲወጣላቸው ማተሚያ ቤት ሊያስገቡት ነው። ልመልስላቸው? ወይስ እንደገና ቀይ እስክሪብቶዬን ላንሳ? ባነበውስ… ገጽ 30 ላይ ነኝ፤ ይሄኛውም እንደዚያኛው መሆኑ ከወዲሁ ገብቶኛል። ይህ ነገር ለባል አጎት እንዴት ይነገራል?

ከ«ሌሎችም» አንዷ፣ ከአዲስ አበባ


እህቴ፣

የምስጋናውን ገጽ ቶሎ ልጨርሰው። ጋሼ አጥፍተዋል። አንድ ቀን ቡና ላይ «ጋሼ፣ ስሜን ረሱት እኮ» በያቸው። ይደነግጣሉ፣ ይቅርታ ይላሉ፣ ያልቃል። እኔን ያስቆመኝ ገጽ 143 ነው።

ፈተና በዝቶብኝ ነው ትያለሽ። በዚያው ሦስት ሳምንት ግን የጎረቤትሽን ልብ ወለድ በሁለት ሌሊት ጨርሰሻል። ፈተናው ያኔ የት ሄዶ ነበር? ዓይንሽ አልደከመም፣ እህቴ። መጽሐፉ ነው የደከመው። ገጽ 143 ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ አንቺም ገብቶሻል። ጋሼ ዘንድ የደረሰው ግን በቀይ የተዥጎረጎረ ወረቀትና «ግሩም ነው» የሚል ስልክ ነው።

ልቆጣሽ ነው፣ ታገሺኝ። በእኛ አገር አብዛኛው ደራሲ ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚያሳትመው። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ደመወዝተኛ አርታኢዎች ነበሩት። ሳንሱርም ነበር፤ እሱ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀረ፣ እሰየው። አርታኢው ግን አብሮ የተሸኘ ይመስለኛል። ዛሬም ጎበዝ አርታኢ አለ፣ ግን ስንቱ ጡረተኛ ይከፍለዋል? ስለዚህ በጋሼና በማተሚያ ቤቱ መካከል የቆመው ሰው አንድ ነው። አንቺ ነሽ። «ግሩም ነው» ስትያቸው ገንዘባቸውን ይዘው ሄዱ። አልጋ ሥር ያለው ክምር ግማሹ የአንቺ ነው ብልሽ ትቀየሚኛለሽ?

የአማርኛ መምህራን ይቅር በሉኝና፣ «ፀሐይ» በየትኛው ጸ ተጻፈች ብሎ መጽሐፍ የወረወረ አንባቢ አላየሁም። ታሪኩ ሲቆምበት ግን ማንም ይወረውራል። ደግሞም ፊደል ለቀማ ሥራ ነው፣ ይከፈልበታል። ከእንግዲህ በነፃ አትሥሪው፤ ለዘመድም ቢሆን። በዚያ ላይ ተራው መጨረሻ ነው። ነገ ሊወጣ የሚችል ምዕራፍ ላይ ዛሬ ነጠላ ሰረዝ መልቀም ምን ይባላል? በነፃ የሚሰጠው ንባቡ ነው። እሱን ነው ለጋሼ የነፈግሻቸው።

እኔም ደርሶብኛል። ከብዙ ዓመት በፊት የአጫጭር ልብ ወለድ ረቂቄን ለሦስት ጓደኞቼ ሰጠሁ። ሁለቱ «አሪፍ ነው» አሉኝ። ሦስተኛዋ ረቂቁን ስትመልስልኝ አንድ ገጽ ዳር ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ተኛሁ» ብላ ጽፋበታለች፤ ቀኑን ጭምር። አንድ ወር አኮረፍኳት። ከዚያ ገጹን ከፍቼ አየሁት። ስድስት ገጽ ሙሉ ስለ ተራራ ነው። ተራራው ላይ የሚወጣ ሰው እንኳ የለም! ቆርጬ ጣልኩት። እስከ ዛሬ ረቂቅ ስጨርስ መጀመሪያ የምሰጠው ለእሷ ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ትተኛለች።

አንድ ሌላ ነገር። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የፊደሉን ስህተት አውቄያለሁ፣ ቡና ያፈላችውን ሴት አውቄያለሁ፣ የቀሚስሽን ነገር ሳይቀር። የጋሼ ልብ ወለድ ስለምን እንደሆነ ግን አንድ ቃል የለም። አራት ወር አብረሽው አምሽተሽ! አውቀሽ እንዳልሆነ ይገባኛል። ለባል ዘመድ መናገር ይከብዳል፣ ስለዚህ ፊደሉ ውስጥ ተደበቅሽ። ሀ እና ሐ ላይ ማንም አይቀየምም። ብዙዎቻችን እዚያው ነው የምንደበቀው።

ሁለተኛውን አትመልሺ። ግን ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጪው፤ ልጅም ሆነ አዛውንት ቀይ ሲያይ የሚታየው ስንት ከስንት እንዳገኘ ነው። እርሳስ ያዢ። ያቆምሽበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። ያሳቀሽ ቦታ ላይም። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማን ነበር?» ብለሽ ወደ ኋላ የተመለስሽበትንም። ፊደሉን እለፊው፣ እጅሽን ቢበላሽም። እንዴት ይስተካከል የሚለውን ለእሳቸው ተዪላቸው፤ ደራሲው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ቤታቸው ሂጂ። በስልክ አይሆንም፣ ዘመድ በተሰበሰበበት በዓል ላይማ በጭራሽ። ቡና ሲፈላ ረቂቁን መሀል አስቀምጪና ከወደድሽው ጀምሪ። በ30 ገጽ ውስጥ አንድ የወደድሽው ነገር ካላገኘሽ እንደገና አንብቢ፤ አንድ ሰውዬ፣ አንድ ንግግር አይጠፋም። ቀጥለሽ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው?» በያቸው። መጥፎ ነው አላልሽም። ያነበበ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነው የነገርሻቸው። የመጀመሪያውንም ገጽ 143 እዚያው አንሺላቸው። «ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ» ካልሽ እሳቸውም ስለ ስምሽ የሚሉት አያጡም።

ይቀየሙ ይሆናል። እንዲያውም ይቀየማሉ። ቢሆንም ዕቁቡ ሳይወጣ ይቀየሙ። ታትሞ ከወጣ በኋላ የምትነግሪያቸው ነገር ምንም አይጠቅማቸውም፤ ያኔ «ግሩም ነው» ብትያቸው እኔም አልፈርድብሽም።

ለዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ብቻ። ገጽ 30 ላይ ነኝ ብለሻል። የትኛው መስመር ላይ? እርሳስሽን አንሺና ዳሩ ላይ ጻፊው። ቀኑንም።