በቅንዓት የሚሰብክስ? የሐሙስ ማታ ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ። ዛሬ በዚህ የስልክ ቡድናችን የሐዲስ ኪዳን መምህራችን ጥያቄ ይመልሱልናል። መነሻችን ፊልጵስዩስ 1፥15-18 ነው። ጳውሎስ ታስሯል። ውጭ ያሉት ይሰብካሉ። ግማሹ በበጎ ፈቃድ፣ ግማሹ በቅንዓትና በክርክር። እሱ ግን በማመካኘትም ቢሆን በቅንነትም ቢሆን ክርስቶስ ይሰበካል ብሎ ደስ አለው። በሉ ጠይቁ።

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ስም አትጥሩ። ስም ያለበትን ጥያቄ አልመልስም።

ጦሳ፦ መምህር፣ ያ ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጣው፣ መነጽር የሚያደርገው ሰባኪ...

መምህር፦ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ! ቀጣይ።

እኅተ ማርያም፦ የኔታ፣ ቅንዓት ኃጢአት አይደለም እንዴ? ጳውሎስ እንዴት ደስ ይለዋል?

መምህር፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። ቅንዓቱን አልወደደውም፤ ቅንዓት ብሎ በስሙ ጠርቶታል። እነዚያ ሰዎች መናፍቃን አልነበሩም። ትምህርታቸው ቀጥ ያለ ነው። ክፋታቸው ሌላ ነው። «እሱ ታስሮ እኛ ስንሰብክ ሲሰማ ይንገበገባል» ብለው ነው። እሱ ግን አልተንገበገበም።

አሁን ገላትያን ክፈቱ፤ 1፥8። ያው ጳውሎስ፣ የሰማይ መልአክ እንኳ ልዩ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ይላል። ሰውየው ጠባዩ ተለወጠ? አልተለወጠም። ገላትያ ላይ የተበላሸው ወጡ ነው። ፊልጵስዩስ ላይ ወጡ ደህና ነው፤ የተበላሸው የወጥ ሠሪዋ አመል ነው። እኛ አገር ይህን እያገላበጥነው ተቸገርን። ሰባኪው ለስላሳ ከሆነ የተበላሸውን ወጥ እንበላለን። ቁጡ ከሆነ ደህናውን እንደፋለን።

ሦስተኛ ነገር አለ። 2ኛ ቆሮንቶስ 2፥17፣ ቃሉን ቀላቅለው የሚሸቃቅጡ ይላል። ግሪኩ ላይ ያለው ቃል የችርቻሮ ነጋዴን፣ በተለይ የወይን ጠጅ ቸርቻሪን ሥራ ያመለክታል። ኢሳይያስ 1፥22 በሰባ ሊቃናት ትርጉም፣ በጥንቱ የግሪክ ብሉይ ኪዳን፣ ይህንኑ ነጋዴ ያነሣል፤ ወይኑን በውኃ የሚደባልቀውን። ሰኞ ገበያ ቅቤ የገዛ ሰው ይገባዋል። ሙዝ የገባበት ቅቤም ቅቤ ይመስላል፤ ሲነጠር ነው ጉዱ የሚወጣው። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ዓላማውና ትምህርቱ ተያያዙ። ገንዘብ የፈለገ ሰው ቀስ በቀስ ገዢው የሚወደውን መጨመር ይጀምራል። ስለዚህ የሰውን ልብ አትመርምሩ፣ አትችሉም። የሚለውን ግን አንጥሩት።

የቦርከና ልጅ፦ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ታዲያ ስለ ሰባኪዎች በአጠቃላይ ምን ይላሉ?

መምህር፦ «በአጠቃላይ» ምን ማለት ነው? ጥያቄህን አጥብበህ ተመለስ።

ከሆጤ፦ እኔ የደረሰብኝን ልናገር። አንድ ሰባኪ ለገጠር ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ብሎ ዐውደ ምሕረት ላይ አስለቀሰን። የእናቴን የወርቅ ጉትቻ ሰጠሁ። የሒሳብ ቁጥሩ በራሱ ስም ነበር። ቆርቆሮውን እስከ ዛሬ ያየ የለም። ስም አልጠራሁም፣ የኔታ።

መምህር፦ አልጠራህም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ የልብ ምርመራ አይደለም፤ ሌብነት ነው። ሌብነት ጥቅስ አይፈልግም፣ ደረሰኝ ነው የሚፈልገው።

ጦሳ፦ ለመሆኑ ለተጋባዥ ሰባኪ አበል መክፈል ይገባል?

መምህር፦ ይገባል። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል፤ ሉቃስ 10፥7። ጳውሎስም መብት አለኝ ብሎ፣ ግን ሳይጠቀምበት ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን ሰፋ። ዲዳኬ የሚባለው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው። ተጓዥ ሐዋርያ አንድ ቀን ይደር፣ ካስፈለገም ሁለት። ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ እስከሚያድርበት የሚበቃው እንጀራ ይሰጠው። ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በዚህ መለኪያ ስንቱ ሰባኪ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይቆም ነበር!

ገንዘብ ያዥ፦ እንጀራስ ቀላል ነበር። አሁን የሚጠየቀው የአውሮፕላን ትኬት ነው።

የቦርከና ልጅ፦ አውሮፕላኑ እኮ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። ኮምቦልቻ ይስበክና ይመለስ።

ጦሳ፦ በዚያ ሙቀት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል?

የቦርከና ልጅ፦ በእናንተ ብርድ ከሚንቀጠቀጥ ይሻለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀልዱን ተዉት። በአውቶቡስ ይምጣ ስንል «ክብር ነሣችሁን» የሚለን አለ።

አስተባባሪ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ወለተ ኪዳን፦ የኔታ፣ ያጠመቀኝ ቄስ ለገንዘብ ብሎ የሚያገለግል ቢሆን ጥምቀቴ ምን ይሆናል?

መምህር፦ አትጨነቂ ልጄ። ይሁዳ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ተልኮ ሰብኳል። እሱ የሰበከላቸው ተመልሰው ይሰበኩ የተባለ የለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካ በዚሁ ተጣሉ። የሮም መንግሥት ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፎ የሰጠ ካህን የሚፈጽመው ምስጢር፣ ጥምቀትም ቢሆን፣ አይረባም የሚሉ ተነሡ፤ ዶናቲስቶች ይባላሉ። የዚያው አገር ጳጳስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸውን እወደዋለሁ። ውኃ በድንጋይ ቦይ ያልፋል። ድንጋዩ ላይ ምንም አይበቅልም፤ አትክልቱ ጋ ሲደርስ ግን ያለመልማል። ካህኑ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር ጉዳቱ ለራሱ ነው። አንቺ ውኃውን አግኝተሻል።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጓደኛዬ ነው ያስገባኝ። ቦሩ ሜዳ ላይ ንጉሡ አያቶቻችንን ተጠመቁ ሲላቸውስ፣ እሱም ስብከት ነው?

መምህር፦ እንኳን ደህና መጣህ። 1870 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው ስለ ክርስቶስ የነበረውን የተዋሕዶንና የሦስት ልደትን ወገኖች ክርክር ዘጋ። ከዚያ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዢ ኢማም መሐመድ አሊም ያን ጊዜ ነው ተጠምቆ ሚካኤል የተባለው፤ በኋላ ደሴን መናገሻው ያደረገው። ንጉሡ የፈለገው አንድ መንግሥት በአንድ ሃይማኖት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም የተባለ ሕዝብ። ፊልጵስዩስን ለዚህ ማስረጃ የሚያደርግ ካለ ይስማ፦ ጳውሎስ ደስ ያለው ታስሮ ነው። አሳሪ ሆኖ አይደለም።

ጦሳ፦ መምህር፣ ይህ ፖለቲካ ሆነ። ዘመኑን እንጂ...

ከሆጤ፦ የምን ፖለቲካ? የእኛ ቤት ታሪክ ነው። ግማሹ ዘመዴ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ነው። ለሰርግ ሁለት ከብት ነው የምናርደው።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ አብሽሩ፣ ለጠብ አልጠየቅሁም። መልሴን አግኝቻለሁ።

መምህር፦ ጦሳ፣ ዛሬ አንተ ነህ ያስቸገርኸኝ። ቀጣይ።

እኅተ ማርያም፦ እርስዎስ የኔታ? ለምን ያስተምራሉ?

መምህር፦ ሰው ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኛል። ጉባኤ ሞልቶ እልል ሲባልልኝ የምተኛው አምሽቼ ነው። ልክፍቱ የቆየ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ቁስጥንጥንያ ላይ ስብከት መሐል አታጨብጭቡ ብሎ አስተማረ። ሕዝቡ ምን አደረገ? አጨበጨበለት። ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉም ሰባኪ ውዳሴን መናቅ ካልቻለ አለቀለት ይላል። መናቅ የቻለ ሰው ብዙ አላየሁም።

ጦሳ፦ አሁን ግን ጭብጨባው ላይክና ሼር ሆኗል። ስልክ ደቅኖ የሚሰብክ ሁሉ...

መምህር፦ ስልኩ ምን አደረገ? የምትናገረው እኮ በስልክ ነው።

ዮርዳኖስ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። መምህር፣ ያን መነጽር የሚያደርገውን ሰባኪ እንዴት ያዩታል?

መምህር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ስም አትጥሩ፣ በመነጽርም አትጥሩ። እኔ ሌሊት ማሕሌት አለብኝ። ደህና እደሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ለሚቀጥለው ወር ጉባኤ ተጋባዡን ማን ያናግርልን? በአውቶቡስ ነው።

የቦርከና ልጅ፦ አውሮፕላን ከሆነ ከማረፊያው እኔ እቀበለዋለሁ ብያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በአውቶቡስ ነው።