የራዲዮአክቲቭ ቁስ ፈቃድ ስለ መመለስና ሕንፃ ስለ ማስረከብ፦ ለሚቺጋኗ እኅታችን

እኅታችን፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚሠሩበት ፋብሪካ ሊዘጋ እንደሆነ፣ የጨረራ ደኅንነት ኃላፊው ጡረታ በመውጣቱ ወረቀቱ ሁሉ በእርስዎ ላይ እንደወደቀ፣ ሕንፃውም በሦስት ወር ውስጥ ለገዢ እንደሚተላለፍ ጠቅሰው፣ የራዲዮአክቲቭ ቁሶችን ፈቃድ ለመመለስ ይህ ጊዜ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚዙሪ ውስጥ አንድ የማጣበቂያ ፋብሪካ ስንዘጋ ይኸው ሸክም በእኔ ጫንቃ ላይ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርዎት። በሁለቱም ክፍለ ግዛቶች ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ስለሆነ መንገዳችን አንድ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን ጉዳያችሁ ከክፍለ ግዛታችሁ መሥሪያ ቤት ጋር ነው።

1ኛ፦ ቀኑን ከአሁኑ ይቁጠሩ። በጽሑፍ ለማሳወቅ የተሰጠው 60 ቀን የሚጀምረው በሩ ከተቆለፈበት ዕለት ሳይሆን ሥራውን ለዘለቄታው ለማቆም ከተወሰነበት ዕለት ነው፤ ሥራው ሳይሠራበት 24 ወር ያለፈውም ቦታ እንዲሁ ማሳወቅ አለበት። የፈቃዱ የማብቂያ ቀን ማለፉም ማንንም ነፃ አያወጣም፤ ኮሚሽኑ ፈቃዱ መቋረጡን በደብዳቤ እስኪያሳውቅ ድረስ ግዴታው እንዳለ ይቆያል። ዓመታዊውን የፈቃድ ክፍያ በሚመለከት ደግሞ የበጀት ዓመቱ የሚገባው ኦክቶበር 1 ቀን ሲሆን፣ ሥራውን ጨርሶ አቁሞ የማቋረጫ ማመልከቻውን እስከ ማርች 31 ያስገባ ድርጅት የዓመቱን ክፍያ ግማሽ፣ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ያስገባ ግን ሙሉውን ይከፍላል። እኛ ያስገባነው ኤፕሪል 4 ቀን ነበር። የአራት ቀን ጉዳይ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

2ኛ፦ ለአራቱ ቀናት ምክንያት የሆኑት በሁለት ታንኮች ላይ የፈሳሽ ከፍታ የሚለኩ፣ ሲዚየም 137 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ቁስ በውስጣቸው የያዙ መሣሪያዎቻችን ናቸው። በእርሳስ በተሸፈነው የመሣሪያው ራስ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «1987፣ 100 ሚሊኪዩሪ» ይላል (ሚሊኪዩሪ የራዲዮአክቲቭነት መጠን መለኪያ ነው)። የሲዚየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 30 ዓመት ያህል ስለሆነ ስናወርደው የቀረው ከግማሹ ጥቂት ያነሰ ነበር፤ የጨረራ መዝጊያው ቁልፍ ግን ከመዛጉ የተነሣ ጠብቆ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። ምንጮቹን (በመሣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን የታሸገ ሲዚየም) ሊረከበን የተስማማውን ድርጅት ስም አልጠራም። ስደውል ስልኩን ያነሣችው ሴት የአነጋገር ቅላጼዬን ሰምታ፣ የማናግረው ሌላ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የፈቃዳችንን ቁጥር፣ የሁለቱን ምንጮች መለያ ቁጥርና ምንጮቹ እንደማያፈስሱ የሚያሳየውን የመጨረሻውን የስድስት ወር ምርመራ ውጤት ከነቀኑ በቃሌ ስነግራት ዝም አለች። ያም ሆኖ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ስላዛወሩት የርክክብ ደረሰኙ በእጄ የገባው ማርች ካለፈ በኋላ ነው፤ ያለ እርሱ ደግሞ ቁሶቹ የት እንደደረሱ የሚረጋገጥበትን ፎርም 314 በእውነት መፈረም አይቻልም። የተቀባዩን ፈቃድ ቅጂ ሳይዙ አንዳች ነገር ከግቢው አያስወጡ፤ ተቀባዩ ያንን ቁስ በዚያ መጠን ለመያዝ የተፈቀደለት መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ ያለበት አስረካቢው ነው። ብረት ገዢዎችም እነዚህ መሣሪያዎች ሳይወርዱ ወደ ታንኮቹ አይቅረቡ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስፔን ውስጥ በአልጄሲራስ አቅራቢያ ካሮጌ ብረት ጋር ተቀላቅሎ የገባ የሲዚየም ምንጭ በማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ፣ ብናኙ እስከ ፈረንሳይና ጣሊያን ድረስ በመሣሪያ ተለክቷል።

3ኛ፦ የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) እና ካርቦን 14 (ራዲዮአክቲቭ ካርቦን) የያዙ ኬሚካሎች ለምርምር የሚውሉበት አነስተኛ ላቦራቶሪ ነበረው። ጋይገር ቆጣሪ የሚባለውን የጨረራ መለኪያ ተከራይቼ ወለሉን በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር በኖራ አሰመርኩ፤ ለ9 ቀናት በጉልበቴ እየዳኽኩ የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ የእጅ መታጠቢያውን አንገትና የጢስ መውጫውን ውስጥ ሳይቀር ለካሁ፤ ከዚያም «ከተፈጥሯዊው ጨረራ የበለጠ አልተገኘም» የሚል 60 ገጽ ሪፖርት በኩራት ላክሁ። በጁን የመጣው ደብዳቤ ጨዋ ነበር፤ ቁምነገሩም አንድ ጥያቄ ነው፦ ትሪቲየምን የፈለጉት በየትኛው መሣሪያ ነው?

ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ከትሪቲየም የሚወጣው ቤታ የተባለ ጨረራ ጉልበቱ ከ18.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስለማያልፍ በአየር ውስጥ እንኳን ጥቂት ሚሊሜትር ሄዶ ይቆማል፤ የቆጣሪውን ስስ መስኮት ፈጽሞ አያልፍም። የ9 ቀን ድካሜ ትሪቲየምን በሚመለከት ዓይን ጨፍኖ እንደ መፈለግ ነበር። ማድረግ የነበረብኝ ንጣፎቹን በማጣሪያ ወረቀት እየጠረጉ ናሙናዎቹን በሲንቲሌሽን ቆጣሪ (ደካማ ጨረራን በብርሃን ብልጭታ በሚቆጥር መሣሪያ) ወደሚለካ ላቦራቶሪ መላክ ነበር። ከቀድሞው የበለጠ የሚያበሳጨው ደግሞ ውጤቱ ነው። ኮሚሽኑ ለሕንፃ ንጣፍ ያወጣው የትሪቲየም የማጣሪያ ወሰን (ከዚያ በታች ከሆነ ቦታው የሚያልፍበት) በ100 ስኩዌር ሳንቲሜትር ላይ በደቂቃ 120 ሚሊዮን የአቶም ፍርሰት ሲሆን፣ ከ240 ናሙናዎቻችን የበዛው አንድ ሺህ እንኳን አልሞላም። ገና ከመጀመሪያው በትክክለኛው መንገድ ብለካ ኖሮ ያለ ችግር የሚያልፍ ቦታ ነበር። የላቦራቶሪው ወጪ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ፤ ገዢው አምስት ወር ጠበቀ፤ ዋናው መሥሪያ ቤታችን ያለ አንድ ሰው ደግሞ በስብሰባ ላይ «ይህን ሥራ ለባለሙያ መስጠት ነበረብን» አለ። ባለሙያ ይቀጠር ብዬ በጽሑፍ የጠየቅሁትን የከለከለው እሱው ነበር፤ ኢሜይሉ ዛሬም አለኝ።

ስለዚህ መሣሪያ ከመከራየትዎ በፊት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያሉትን የፈቃዱን ማሻሻያዎች አንድ በአንድ ያንብቡና በፋብሪካው የነበረውን እያንዳንዱን ቁስ ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱም የሚለካው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ፣ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ መጠንም ከወሰኑ በታች መሆኑን ይጻፉ። ቦታው ያለ ገደብ የሚለቀቀው፣ በኋላ የሚገለገልበት ሰው ከተረፈው ቁስ በዓመት ከ25 ሚሊሬም (ሰው የሚደርሰው የጨረራ መጠን መለኪያ) በላይ እንደማይደርሰው፣ የተረፈውም በተቻለ መጠን እንዲያንስ መደረጉን ማሳየት ሲችሉ ነው።

4ኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ጡብ ነው። በዕቃ መጫኛው በኩል ያለው የጡብ ግድግዳ በቆጣሪው ላይ ከወለሉ እጥፍ ሲያሳየኝ ደንግጬ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ጡብ በባሕርዩ ፖታሲየም 40፣ ዩራኒየምና ቶሪየም የተባሉ ተፈጥሯዊ ራዲዮአክቲቭ ቁሶች አሉበት። መፍትሔው ቁስ ያልገባበት፣ በዚያው ጡብ የተሠራ ሌላ ግድግዳ ለክቶ ማወዳደር ሲሆን፣ የእኛ የሂሳብ ክፍል ግድግዳ ልክ እንደዚያው አሳየ።

የመውጫ ምልክቶቹንም እንዳይረሱ። ያለ ኤሌክትሪክ የሚያበሩ ከሆኑ በውስጣቸው ትሪቲየም ሊኖር ይችላል፤ ካለባቸው ወደ ቆሻሻ መጣል አይፈቀድም። ፈቃድ ላለው ተቀባይ ተላልፈው በ30 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይደረጋሉ። የእኛን አራቱን አፍራሾቹ ነቅለው ኮንቴይነሩ ውስጥ ጥለዋቸው ነበር፤ ጓንት አጥልቄ በገዛ እጄ አወጣኋቸው።

ለገዢው ግን ዛሬውኑ ይንገሩት፤ የርክክቡ ቀን ከማቋረጫው ደብዳቤ ጋር እንዲያያዝ በውሉ ላይ ያስጽፉ። የፈሰሰ ነገር ከነበረ መዝገቡና የክፍሎቹ ሥዕል ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ወደ ኮሚሽኑ ቀጣና ቢሮ መላክ አለባቸው፤ ጡረታ የወጣውን ኃላፊ ስልክ ይፈልጉት፣ የት እንዳስቀመጣቸው የሚያውቀው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሪፖርታችን ያለ ጥያቄ አልፏል፤ የድርጅቱን ስም አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።