አልማዝ ባለጭራው ከዳነ በኋላ ሆድ ላይ የሚቀር ማቃጠል

የእናትሽ የአልማዝ ባለጭራ ቁስል ከደረቀ 4 ወር ሆኖትም ጎናቸውና ሆዳቸው ያቃጥላል፣ ዳይክሎፌናክም አላስታገሰውም ብለሻል። ማቃጠሉ ቁስሉ በወጣበት መስመር ላይ ብቻ ከሆነ የጨጓራ አይመስልም። አልማዝ ባለጭራን ያመጣው ቫይረስ የጎዳው ነርቭ ነው የሚያማቸው። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ተራ ማስታገሻ ብዙም አይሠራም።

ሐኪማቸውን ስለ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ጠይቂ። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው ቢሉሽ አትደንግጪ፤ በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል። ሁለቱም በትንሹ ተጀምረው ቀስ እያሉ ነው የሚጨመሩት። ሲያም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ይወሰዳሉ። ለውጡ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብላችሁ እንዳትተዉት። ሲሻላቸውም በድንገት አይቆምም፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ችግር ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ።

ልብስ ሲነካቸው የሚያማቸው ከሆነ ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ ይልበሱ። መቀነቱንም ለጊዜው ይተዉት።

አባቴን በዚሁ ሕመም ሳስታምም ያየሁትን ልንገርሽ። መድኃኒቱ ያዞራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። በተለይ መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ብቻቸውን አይሂዱ። በዚህ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ ከሕመሙ የባሰ ጣጣ ያመጣል።