ማስተሩ ቦርጭ ካወጣስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ቴኳንዶ ካልጀመርኩ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ሰፈራችን ያለው ክለብ ማስተር ወደ 50 ዓመት የሚጠጉ ናቸው፤ ቦርጭ አላቸው፣ ከወገብ በላይ ሲራገጡም አላየሁም። ሌላው ክለብ ግን ሰውነቱ እንደ ብረት የሆነ ወጣት አለ። ልጆቹን ላብ በላብ አድርጎ እስኪዝለፈለፉ ነው የሚያሠራቸው። ለየትኛው ልስጠው?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁለቱ የሚያሳስበን ወጣቱ ነው። ወደ ቦርጩ በኋላ እንመለሳለን።

ሰውነቱ የጠነከረ አሠልጣኝ የሥልጠናውን ልክ በራሱ አቅም መለካት ይቀናዋል። ለእሱ ማሟሟቂያ የሆነው 200 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ያልለመደ ጀማሪን ጡንቻ እስከ ማፈራረስ ሊደርስ ይችላል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ደግሞ በደም ተጉዞ ኩላሊትን ይጎዳል። ከሥልጠናው በኋላ ባሉት 3 ቀናት ጭኑ ካበጠ፣ ሕመሙ ከለመድነው ዝለት ካለፈ፣ ሽንቱም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ለቅጣት ፑሽ አፕና ቁጢጥ ብሎ መነሣት የሚቆልል ክለብ ካዩ ከበሩ ይመለሱ።

ስፕሊት፣ ማለትም ሁለቱን እግር ከፍቶ እስከ መሬት መውረድን፣ ሲሠሩም ይመልከቱ። አሠልጣኙ ልጁ ጀርባ ላይ ተጭኖ ወይም ጉልበቱን ረግጦ የሚያወርደው ከሆነ አደገኛ ነው። በልጅነት ጡንቻው የተያያዘበት የዳሌ አጥንት ጫፍ ገና አልጠነከረም፤ በኃይል ሲሳብ ጡንቻው ከመበጠሱ በፊት አጥንቱ ተገንጥሎ ሊነሣ ይችላል።

አሁን ወደ ቦርጩ። ልጅዎ ከማስተሩ የሚፈልገው ከፍ ያለ ርግጫ ሳይሆን ትክክለኛ ርግጫ ነው። የዙር ርግጫን፣ ዶልዮ ቻጊ የሚሉትን፣ እንውሰድ። መጀመሪያ ጉልበት ታጥፎ ይነሣል፣ የቆመው እግር ተረከዝ ወደ ዒላማው ይዞራል፣ ዳሌ ይከተላል፣ በመጨረሻ ከጉልበት በታች ያለው ይፈታል። ተረከዙ መሬት ላይ ተተክሎ ዳሌው ብቻ ከዞረ መጠምዘዙን የሚሸከመው የቆመው እግር ጉልበት ነው፤ ዓመታት ሲደጋገም ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ይህን ለማሳየት የወገብ ከፍታ በቂ ነው። እንዲያውም ጉልበትን አንሥቶ 3 ሰከንድ ሳይወዛወዙ መቆም፣ እግርን ጭንቅላት ላይ ከማወናጨፍ ይከብዳል። ማስተሩ ይህን ካሳዩ፣ እየዞሩም የእያንዳንዱን ልጅ ተረከዝ ካረሙ፣ ቦርጩ ሥራቸውን አላስተጓጎለም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልክ እያዩ በኮሪያኛ “ሃና፣ ዱል፣ ሴት” (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት) ብቻ የሚቆጥሩ ከሆነ ግን ቀጭንም ቢሆኑ አይጠቅሙም።

የአሠልጣኝ አቅም በእውነት የሚፈተነው ፓድ፣ ማለትም ተማሪው የሚመታውን ትራስ መሰል መቀበያ፣ ሲይዝ ነው። ያዢው ክርኑን ወደ ጎድኑ ሰብስቦ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ተክሎ፣ ምቱ ሊያርፍ ሲል ፓዱን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ይቀበላል። ሲደክም ክንዱ ይዘረጋል፣ ፓዱም ወደ ኋላ ይሸሻል። ያኔ ምቱ በያዢው ትከሻና ክርን ላይ ያርፋል፤ ተራጋጩ ደግሞ አየር ስለሚመታ ጉልበቱ ከልኩ አልፎ ይዘረጋል። የቴኳንዶ ውድድር በ2 ደቂቃ ዙር፣ እስከ 3 ዙር፣ በመካከል በ1 ደቂቃ ዕረፍት ነው። ተወዳዳሪ የሚያዘጋጅ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ሳይዝል ፓድ መያዝ አለበት፤ ካልቻለ ረዳቱ ይያዝ፣ እሱ ከጎን ቆሞ ይመልከት። ከጎን ብዙ ነገር ይታያል።

ጥያቄ፦ ራሱ ሪንግ ገብቶ የማያውቅ ሰው ቦክስ ማሠልጠን ይችላል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይችላል። የመሐመድ አሊ አሠልጣኝ አንጀሎ ዳንዲ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ሆኖ አያውቅም። ሰውነትስ ካሉ፣ አሠልጣኙ ፍሬዲ ሮች ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው የፓርኪንሰን ሕመም ይዞት ፊሊፒናዊውን ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያዎን ዓመታት አሠልጥኗል፤ ፓድም ይይዝለት ነበር። ሮች ግን ራሱ የቀድሞ ቦክሰኛ ነው።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ 3ኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ያለኝ የቴኳንዶ አሠልጣኝ ነኝ። ክብደቴ 98 ኪሎ ደርሷል፣ ስዘል ጉልበቴን ያመኛል። ተማሪዎቼ ማንሾካሾክ ጀምረዋል። ምን ላድርግ?
ከደሴ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የዝላይ ርግጫውን ዛሬውኑ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ ያስረክቡ፤ እሱ ያሳይ፣ እርስዎ ያስረዱ። በእርስዎ ዕድሜ አሠልጣኝን የሚጎዳው የተለመደ ስሕተት ሃያ ደቂቃ ቆሞ ሲያወራ ቆይቶ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሳለ ድንገት ከፍ ያለ ርግጫ ማሳየት ነው። የኋላ ጭን ጡንቻ የሚቀደደው ያኔ ነው። ማሟሟቂያውን ከተማሪዎቹ ጋር ይሥሩ። ሁልጊዜ በቀኝ እግር ብቻ ማሳየቱንም ይተዉ።

ማሠልጠን የእርስዎ ስፖርት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ቢውሉም ልብዎ አልሠራም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ወይም ብስክሌት ያስፈልግዎታል። በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ከወንበር ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ 10 ጊዜ በ3 ዙር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ በየእግሩ 10 ጊዜ። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም በማግስቱ ሕመሙ ከባሰ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሱ። ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ፤ ሲሠሩ ደረትዎን የሚጨመድድዎት ከሆነ ወዲያው አቁመው ሐኪም ይዩ።

አንድ ያልጠየቁንን እንጨምር። አዳራሹ ውስጥ እርስዎ ራስዎ ቢወድቁ የሚያነሣዎት ማን ነው? ረዳትዎ የልብ ማነቃቂያ ያውቅ፦ ራሱን የሳተና በወጉ የማይተነፍስ ሰው ሲያይ አምቡላንስ ያስጠራ፣ የእጁን መዳፍ ደረት መካከል ላይ አድርጎ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን፣ በየ2 ደቂቃውም ከሌላ ሰው ጋር ይቀያየር።