ያዩት ሮዝ ነገር ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ እኔ ተሳስቼበታለሁ

ጥያቄዎ፣ ከወራት በፊት ትልቅ ፖሊፕ (በአንጀት ሽፋን ላይ የሚበቅል እብጠት) በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ) የተነሣለት ሰው አሁን የአንጀቱ ቁራጭ መጥቶልዎት፣ ከሽፋኑ ሥር ቅርጽ የለሽ ሮዝ ነገር በግዙፍ ሴሎች ተከቦ ስላገኙ አሚሎይድ (በሰውነት ክፍሎች ውስጥ የሚከማች ያልተለመደ ፕሮቲን) ይሁን ንፍጥ አመንጪ ካንሰር የሚል ነው። ሁለቱንም አይመስለኝም።

1. ሪፖርት ከመጻፍዎ በፊት ፖሊፑን ለመቁረጥ እንዲመች ከፍ ለማድረግ ከሥሩ ምን እንደተወጋ ይጠይቁ። የጨው ውሃ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል። ረጅም ጊዜ እንዲቆዩ ከተሠሩት ወፍራም ጄሎች ግን አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይከባቸዋል።

2. መልኩ ከጊዜ ጋር ይለወጣል። ፖሊፑ በተነሣበት ዕለት ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫና አረፋ የመሰለ ነው፤ ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ሮዝ ጥብጣብ ይሆናል። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። የአንድ ታካሚ ፖሊፕ ሲነሣ የመጀመሪያውን ስላይድ (ናሙናው ያለበትን መስታወት) ያየሁት ራሴ ነበርኩ፤ «ንፍጥ» ብዬ አለፍኩት። ከአራት ወር በኋላ አንጀቱ ተቆርጦ ሲመጣ ነገሩ ጡንቻውን ዘልቆ እስከ ውጭው ስብ ደርሶ አገኘሁት። «ንፍጥ አመንጪ ካንሰር» የሚል ረቂቅ ጽፌ፣ ቀዶ ሐኪሙ ስለ ኬሞቴራፒ ሲጠይቀኝ ነው እጄ የቀዘቀዘው። በዚያ ሁሉ ኩሬ ውስጥ አንድም የካንሰር ሴል አላየሁም ነበርና!

ኢንዶስኮፒ ክፍሉ ደወልኩ። «የእናንተ ሥራ ማይክሮስኮፕ ማየት አይደለም እንዴ?» ተብሎ ስልኩ ተዘጋብኝ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ራሴ ሄድኩ። የሐኪሙ ሪፖርት «ተወግቶ ከፍ ተደርጓል» ከማለት በቀር ምንም የለውም። የጄሉ ስም የተገኘው በነርሶቹ የዕቃ መዝገብ ላይ፣ ከማሸጊያው ተልጦ በተለጠፈች ወረቀት ነው። ነርሷን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ፤ ሐኪሙን ግን አልፌዋለሁ ብል ውሸት ነው።

3. ማቅለሚያዎቹን አይዝለሉ። የእኔ ናሙና አሚሎይድን በሚያቀላው ኮንጎ ሬድ አልቀላም፤ በፖላራይዝድ ብርሃንም የአሚሎይድ አረንጓዴ አላሳየም። ይህ ካንሰር የሚነሣባቸውን የኤፒተልየም (የሽፋን) ሴሎች በሚያሳየው ሳይቶኬራቲን ሲቀለምም በውስጡ እንዲህ ያለ ሴል አልተገኘም። ረቂቁን ቀድጄ ለጄል የተሰጠ የባዕድ አካል ምላሽ መሆኑን ጻፍኩ። ሰውየውም ከኬሞቴራፒ ተረፈ፤ በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም።

ጄሉ ተገኘ ማለት ግን ካንሰር የለም ማለት አይደለም። የፖሊፑ ቅሪት ከጎኑ ሊኖር ስለሚችል ጠባሳው ያለበትን ክፍል በሙሉ ቆርጠው ይመልከቱ። የመጀመሪያውን ፖሊፕ ስላይድም ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ከአሁኑ ጎን ያስቀምጡት፤ ያ ግራጫ አረፋ እዚያ ካለ የሁለቱንም ፎቶ እዚህ ይለጥፉልን።