«ተምች ቀንሷል» ብለህ ከመጻፍህ በፊት

ወንድሜ፣ በቀበሌህ በበጎ ፈቃድ የበቆሎ ተምች ወጥመድ እንደምትከታተል ጽፈሃል። ሐምሌ ላይ የሚያዘው የእሳት ራት (ያደገው ተምች) ስለቀነሰ መቁጠሩን ላቁም ወይ ነው ጥያቄህ። እባክህ እንዳታቆም። እኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሦስት ክረምት ቆጥሬያለሁ፤ አንዱን አበላሽቼዋለሁ።

1. መጀመሪያ ወጥመዱ ላይ የሚሰቀለውን ማባበያ እይ። የእሳት ራቱን የሚስበው የፌሮሞኑ (የሴቷ) ሽታ የሚቆየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ገደማ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዱን ማባበያ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ሰቅዬው ቆየሁ። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ቁጥሩ 31፣ 24፣ 9፣ 2 እያለ ወረደ። ደስ አለኝ። «ዘንድሮ ዝናቡ ጨረሰው» ብዬ ለአክስቴ ነገርኳት። እሷም አባጨጓሬውን እየለቀመች መጨፍለቁን ተወች። በአሥረኛው ቀን ማሳዋ ስገባ ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። መሃል ላይ ያልተፈታው የቅጠል ጥቅል ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ሞልቷል። የቀነሰው ሽታው እንጂ ተምቹ አልነበረም። አክስቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ማባበያውን ቀድመህ ጠይቅ። እኔ ወረዳ ስሄድ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ደመወዝ የማይከፈልህ ሰው ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ፤ ደርሶ መልሱ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አንተ ሰኔ ሳይገባ ለክረምቱ የሚበቃህን አንድ ላይ ውሰድ። የሰቀልክበትን ቀን ወጥመዱ ላይ ጻፍ።

3. ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን የእሳት ራት ነው፤ በቆሎውን የሚበላው ግን አባጨጓሬው ነው። ስለዚህ ማሳ ግባ። አምስት ቦታ ቁም፤ በየቦታው 10 ተክል ፈትሽ። እዚህም ቁጥር ያታልላል። ትንንሾቹ ሲያድጉ እርስ በርስ ይበላላሉ። በመጨረሻ አንድ በቆሎ ላይ አንድ ትልቅ ብቻ ታገኛለህ፤ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን እሱ ነው። ጭራው አጠገብ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ከዚያ ድንገት ይጠፋል። አልሞተም፤ ወደ እሳት ራት ሊለወጥ አፈር ውስጥ ገብቷል።

የእውነት መቀነስም አለ። ኃይለኛ ዝናብ ትንንሾቹን አጥቦ ይወስዳቸዋል። አምና ደግሞ አንድ የደነዘዘ አባጨጓሬ አጠገብ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ነጭ ጥቅል አገኘሁ። ኮቴሲያ የምትባል ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን አባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ በልታው ትወጣና ይህን ጥቅል ትሠራለች። እንዲህ ያለውን እንዳትጨፈልቅ። እኔ ደብተሬ ላይ ለብቻው ዓምድ ከፍቼለታለሁ። ወጥመዱ ባዶ ሲሆንም፣ ማባበያው አዲስ መሆኑን አረጋግጬ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ ማባበያውን በየወሩ ቀየርኩት። ሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ቁጥሩ ሲዘል መጀመሪያ የነገርኩት ለአክስቴ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጣሳ ይዛ ማሳዋ ውስጥ አገኘኋት።