አልለጎምም ስላለችው ባዝራና ሊሸጥ ስለታሰበው በሬ

ከሱሉልታ የጻፍክልኝ ወጣት፣ ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ነው ለመልሱ የተቀመጥኩት። 12ኛ ክፍል ጨርሰህ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣልህም። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሰዎች የአጎትህን ፈረሶች ታከራያለህ። ማንም ሊለጉማት ያልቻለችውን ባዝራ ያለ አለንጋ አላምደሃታል። አጎትህ «ፈረስ በዱላ እንጂ በልመና አይገራም» ይሉሃል፤ አባትህ ደግሞ በሬ ሸጠው የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ሊያስገቡህ ነው። ይሄ ነገር ሙያ ይሆናል ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

ይሆናል፤ አሁን ባለህ እውቀት ብቻ ግን አይደለም።

አጎትህ ተሳስተዋል። ፈረስ አደጋን በመሸሽ የሚያመልጥ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የሚሰወርበት ከግንባሩ ፊት ያለችው ትንሽ ቦታና ከጭራው ኋላ ነው። በዚያ በኩል ድንገት የመጣ እጅ ያስበረግገዋል። የሚማረው ደግሞ ዛቡ ሲሳብ ሳይሆን ሲላላ ነው። የፈለግከውን ባደረገበት ቅጽበት ዛቡን ብታላላለት ይገባዋል፤ ከዘገየህ ሌላ ነገር ይማራል። ሲመታ ግን ሕመሙን ከጥፋቱ ጋር አያያይዘውም፤ በዚያች ሰዓት ከፊቱ ካለው ጋር ነው፤ ከልጓሙ፣ ከሚሻገረው ወንዝ፣ ከአንተ ጋር። አንተ ሳታውቀው በትክክል ሠርተሃል።

ግን «አሁንም ልጓሙ በግራ በኩል ሲነካት ራሷን ታነሳለች፣ ጠባይዋ ነው» ብለሃል። እኔ አፏን ባየው እወዳለሁ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድዱ እየወጣ በማኘክ የሚሞረድ ነው። እኩል ካልተሞረደ ጠርዙ እየተሳለ ጉንጩን ያቆስላል፤ ልጓም ሲገባ ያ ቁስል ይጫናል። ከኮርቻ ስር ያለ ቁስል፣ ሰኮና ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠርም እንዲሁ ፈረስን «እልኸኛ» ያሰኙታል። በእንስሳት ጤና ረዳትነት በየቀበሌው ስዞር፣ ክፉ ነው ተብሎ የሚቀርብልኝ ፈረስ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛ ሆኖ አገኘው ነበር። ከፈረስ ጋር መግባባት ትዕግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንተው ይበቃ ነበር፤ የሚነግርህ «አሞኛል» ሲሆን ግን ሰውነቱን ማወቅ ይጠይቃል።

ስለዚህ በመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ተማር፤ ፈረሶቹንም አትተው። ከበረታህ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ወደፊት ልታልመው የሚገባ ቦታ ነው። በመግራት ብቻ ዛሬ ቤት አይቆምም። ባለጋሪ ፈረሱን ለማስገራት ገንዘብ አያወጣም፤ ሲታመምበት ግን የዕለት ገቢው ስለሚቆም ለሚያክምለት ይከፍላል። ሲያክሙ ፈረሱን ሳያስደነግጡ መያዝ የሚችሉ ብዙ አይደሉም፤ አንተ ትችላለህ።

አባትህ ልጃቸውን ቢሮ ውስጥ ለማየት ቢጓጉ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የሚያርሱበትን በሬ ሸጠው የማትወደውን ትምህርት ቢከፍሉልህ ቤቱም ይጎዳል፣ አንተም በሁለተኛው ዓመት ታቋርጣለህ። ይህን በአክብሮት፣ ግን ሳትሸፋፍን ንገራቸው። ፈረስ የጋሪ ሰው ሥራ ነው ማለታቸውን ግን አልቀበልም፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው።

አጎትህ ቅዳሜና እሁድ በነፃ እንደሚያሠሩህም ጽፈሃል። ዝምድና ደሞዝ አይሆንም፤ ከኪራዩ ድርሻህን ተነጋገሩ።

ስለ እንግሊዝኛህ የጻፍከው አያስጨንቅህ፤ ከትምህርቱ ጋር ይሻሻላል። የጠየቅከኝ ዱባይ ያሉ የፈረስ ጋጣዎች ደግሞ የወረቀት ማስረጃ ከያዝክ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

የኮሌጁ ምዝገባ ሳይደርስ ባዝራዋን ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዳት። ሐኪሙ አፏን ሲከፍት አጠገቡ ሆነህ ምን እንዳየ ጠይቀው፤ አጎትህም አብረው ይምጡ።